ላስቲኩ ያልተቀደደ ጌም

ዋበሪ ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። ዕቃው በካልቱን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልብሶቿ ሥር፣ እንደ ተቀመጠ ይቀመጥ ነበር። ካልቱንም እሱን ባየችው ቁጥር አፏን በጋርባሳር ሻሿ ጫፍ ሸፍና ትስቅለት ነበር። ግን ተናገረ። ያውም ያስከብረኛል ብሎ።

ዋበሪ ጅግጅጋ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። አባቱ በሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ውሃ በሚያመላልስ ቦቴ ላይ ረዳት ነበሩ፤ እሱም ያደገው እዚያው በድንኳኖች መሃል ነው። መጠለያው ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ገባ። ዋበሪም ተማረ፣ ደመወዝተኛ ሆነ፣ ሰው ሆነ። ሰው ሆነ ቢባልም ጓደኞቹ አንድ ነገር ይጎድለዋል ይላሉ። አሮጌ የእጅ ጌም ይሰበስባል። ከበርበራ በጭነት መኪና የሚመጣ ያገለገለ የኤሌክትሮኒክስ ክምር በደረሰ ቁጥር እየሄደ ይፈትሻል፤ የጌም ካሴት ከነሣጥኑና ከነመመሪያው ያገኘ ቀን ፊቱ እንደ ዒድ ልብስ ያበራል።

"አንተ መቼ ነው የምታድገው?" ይሉታል።

ካልቱን ደግሞ የሐጂ ዲሪዬ ልጅ ናት። ሐጂ ዲሪዬን የማያውቅ ነጋዴ በከተማው የለም፤ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሚገባው ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ግማሹ በእሳቸው እጅ ያልፋል ይባላል። ካልቱን ኮሌጅ ከጨረሰች ወዲህ ትልቁን ሱቅ የምትይዘው እሷ ናት። ዋበሪ በየሳምንቱ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ወደዚያ ሱቅ ይመጣ ነበር።

"መምህር፣ ባትሪውን ትበላዋለህ እንዴ?" አለችው አንድ ቀን።

ከኪሱ የእጅ ጌሙን አውጥቶ አሳያት። ትስቅብኛለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም። ፊቷ ተለወጠ፤ መሣሪያውን በሁለት እጇ ተቀብላ እንደ ጫጩት ያዘችው።

"ወንድሜ ማሃሙድ እንዲህ ዓይነት ነበረው" አለች። ከዚያ ወዲያ አልጨመረችም። እሱም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ዋበሪ ባትሪው ሳያልቅም መምጣት ጀመረ። አንዳንዴ ከባቢሌ ያስመጣውን ለውዝ በወረቀት ጠቅልሎ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። ደንበኛ ሲመጣ ዝም ይላሉ፤ ደንበኛው ሲወጣ ከተዉበት ይቀጥላሉ። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ግን ካልቱን የእሱን የጫማ ድምፅ ከመንገዱ ጫጫታ ለይታ ማወቅ ጀምራ ነበር። ይህንንም ለጓደኛዋ ለዐኒሳ ነግራታለች።

በሚያዝያ ወር፣ ዝናብ ገበያተኛውን በበተነበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ካልቱን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከባንኮኒው ሥር አወጣች።

"ይህን ታውቀዋለህ?"

ዋበሪ ጨርቁን ገለጠው። እጁ እዚያው ደረቀ። ትንሽ የካርቶን ሣጥን ናት። በላይዋ ላይ ፋኖስ የያዘች ልጅ ጨለማ በዋጠው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የሆነ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ አይለይም። ሰብሳቢዎች "የፋኖሷ ልጅ" የሚሉት አስፈሪ ጌም ነው። ልጅቷ መሣሪያ የላትም። መደበቅና መሮጥ ብቻ ነው የምትችለው፤ የፋኖሷ ጋዝ ካለቀ አለቀላት። ሠሪዎቹ ጥቂት ካሴት ብቻ አውጥተው ድርጅታቸው ተዘጋ። ዋበሪ ለዓመታት ሲፈልገው ኖሯል፤ ያየው ግን በፎቶ ብቻ ነው። ይሄኛው ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ቀጭኑ ላስቲክ አልተቀደደም፤ አንድም ቦታ አልተጫረም።

"ከየት አገኘሽው?" አለ በሹክሹክታ።

"ማሃሙድ ከዱባይ ነው የላከልኝ። እዚያ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር።"

ሌላም ልትነግረው አፏን ስትከፍት የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። ሐጂ ዲሪዬ ናቸው፤ ከመስጊድ መመለሳቸው ነው፤ ትከሻቸው ረጥቧል። ሣጥኑን አዩ። ከዚያ ዋበሪን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"ይሄ የጂኒ መጫወቻ እስካሁን ቤቴ ውስጥ አለ እንዴ?" አሉ። ወደ ዋበሪም ዞረው "አንተ መምህር ነህ ሲሉ ሰምቻለሁ። በልጅ ዕቃ የሚጫወት ሰው ልጅ ያስተምራል?" አሉት።

የዋበሪ ፊት ጋለ። በካልቱን ፊት ነው እንዲህ የተባለው።

"ሐጂ፣ ይቺ የልጅ ዕቃ አይደለችም" አለ። "ላስቲኳ ያልተቀደደ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። በእሷ ዋጋ አዲስ ባጃጅ ይገዛሉ።"

ሐጂ ዲሪዬ ጠጋ አሉ። ሣጥኑን ትንሽ ተመለከቱት። ከዚያም አንስተው በብብታቸው ሥር ሸጎጡትና ወደ ቤት ሄዱ። 

ካልቱን ግን ዋበሪን አየችው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። እንደዚያ አድርጎ ያየው ሰው የለም።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንዴት ነበር። ይደውላል፤ አታነሳም። እንደገና ይደውላል፤ መስመሩ የለም ይለዋል። ወደ ሱቁ ሲሄድ ባንኮኒው ላይ የአጎቷ ልጅ ተቀምጧል፤ ያልፈለገውን ባትሪ ገዝቶ ይመለሳል። ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ እያስተማረ ድንገት ዝም ይላል፤ ተማሪዎቹ ይተያያሉ። ቤት ሲገባ የሰበሰባቸው ጌሞች በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ያዩታል። ዕድሜውን ሙሉ የወደዳቸው ዕቃዎች ናቸው። አሁን ግን ፊታቸው ያስጠላዋል።

በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፈ። ስድስት ጊዜ ቀዶ ሰባተኛውን ለዐኒሳ ሰጣት። ዐኒሳ በገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ናት። በማግስቱ ደብዳቤውን ሳይከፈት መለሰችለት።

"'ሲናገር ሰምቼዋለሁ፣ ሲጽፍ ምን ሊጨምር ነው?' ብላሃለች" አለችው። ከዚያ አዘነችለት መሰለኝ፣ መቀሱን አስቀምጣ "ሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀሚስ ልትለካ ትመጣለች። እኔ ክር ልገዛ እወጣለሁ። በሩ ግን ክፍት ይሆናል፤ ነገር እንዳታመጡብኝ" አለችው።

ሰኞ ካልቱን ስትገባ ዋበሪ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሟል። ልትመለስ አሰበች። አልተመለሰችም።

"ምን በደልኩሽ?" አላት።

"አታውቅም?"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ካልቱን። ዋጋውን ነው የነገርኳቸው።"

"ማን ጠየቀህ?" ድምጿ ከፍ አለ። "ማን ዋጋ አውጣለት አለህ? ያ ዕቃ ስንት ዓመት ከልብሴ ሥር ሲኖር ማንም አልነካብኝም። ለአባቴ ቆሻሻ ነበር፤ ቆሻሻ ስለሆነ የኔ ነበር። አንተ ዋጋ ሰጠኸውና ከእጄ ወጣ። አሁን ገዥ እየፈለጉለት ነው!"

"አባትሽ እንደ ቀልድ አዩኝ!" እሱም መቆጣቱን ሳያውቀው ተቆጣ። "ሐርተሼክ ሳለን የከተማ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያየን። ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ እንዲሉኝ ነው። አንድ ቀን እንኳን፣ በአንቺ ፊት።"

"አንተ እንድትከበር እኔ ልክፈል?"

 መልስ ያጣ ሰው የማይባለውን ይላል።

"ይህን ያህል የምትወጂው ከሆነ ለምን አልከፈትሽውም? ለምን አልተጫወትሽበትም? አንቺም ላስቲኩ እንዳይነካ፣ ዋጋው እንዳይወርድ ብለሽ ነው ያቆየሽው። እኛ ሰብሳቢዎች እንተዋወቃለን።"

ካልቱን ፈዝዛ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም።

"አንተ እንዲህ ነው የመሰለህ?" አለች ቀስ ብላ። "ዋበሪ፣ ዕቃ ታውቃለህ። ሰው ግን አታውቅም።"

ወጣች። ልኳን ሳትለካ ወጣች። ዋበሪ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሞ የገዛ ራሱን አፍ በእጁ ይዞ ቀረ።

*

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ዲሪዬ ሰው ላኩበት። ገዥ ተገኝቷል፤ ዕቃው እውነተኛ ለመሆኑ የሚመሰክር ሰው ይፈለጋል። በአገሩ ይህን የሚያውቅ ከእሱ ሌላ የለም።

ከቤት ሳይወጣ ስልኩ ጮኸ። የካልቱን መልእክት ነው፤ ከስንት ቀን በኋላ የመጀመሪያው። "ፎርጅድ ነው በላቸው። እለምንሃለሁ" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ግቢው በር ላይ ሐጂ ዲሪዬ ራሳቸው ተቀበሉት። ሽርጥ አገልድመው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ድምፃቸው ዛሬ ለስለስ ብሏል።

"ያን ቀን ያልሆነ ነገር ተናገርኩህ" አሉት። "ሰው በሚያውቀው ነው የሚከበረው። ዛሬ በቤቴ ክብርህን አሳይ። ከዚያ ስለ ሌላው ጉዳይ እንነጋገራለን። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባሃል።"

ገባው።  ሐጂው ስለ እሱና ስለ ካልቱን ያውቃሉ ማለት ነው። እውነቱን ቢናገር አባትየው ደስ ይላቸዋል፣ በሩ ይከፈትለታል፤ ካልቱን ግን ዕቃዋን ታጣለች፤ እሱም እሷን ያጣል። ቢዋሽ ዕቃው ይመለስላታል፤ እሱ ግን በዚህ ቤት ለዘላለም የአሻንጉሊት ሰው ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ የከተተውን የገዛ ምላሱን ረገመ።

በእንግዳ መቀበያው፣ በመጅሊሱ ውስጥ፣ ገዥው ሻርማርኬ ተቀምጧል። ውጭ አገር ያደገ ወጣት ነው፤ ለዚሁ ጉዳይ ከሐርጌሳ መጥቷል። ሣጥኑ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ነው። ካልቱን የወተት ሻይ ይዛ ገባች። ዓይኖቿ አንዴ ብቻ ተነሥተው የዋበሪን ዓይን አገኙ። ልመናው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ዋበሪ ሣጥኑን አነሣ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ላስቲኩ የተጣበቀበትን መስመር፣ የማዕዘኖቹን እጥፋት፣ የጽሑፉን ቀለም አየ። ሁሉም ልክ ነው። "ፎርጅድ" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ማሃሙድ ወደ ልቡ መጣ፤ አይቶት የማያውቀው ሰው። በሰው አገር ከአሮጌ ዕቃ መሃል ይህን መርጦ፣ ለእህቱ ብሎ ልኮታል። በገዛ አባቱ ቤት የላከው ስጦታ ውሸት ነው ይባልበት?

"እውነተኛ ነው" አለ።

በትሪው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንገጫገጩ። ካልቱን ዓይኗን ጨፈነች።

ሻርማርኬ ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ። ሐጂ ዲሪዬም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋበሪ ግን ሣጥኑን አላስቀመጠም።

"እውነተኛ ነው። ግን ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሊሸጡት አይችሉም። የእርስዎ አይደለም። ማሃሙድ የላከው ለካልቱን ነው። ዋጋ ያወጣሁበት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ባለቤቷ ሳትፈቅድ ለማንም አልመሰክርም።"

"ዋርያ፣ አንተ ሰው!" ሐጂ ዲሪዬ በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "በቤቴ፣ በእንግዳዬ ፊት፣ የልጄን ዕቃ አትሸጥም ትለኛለህ? አንተ የማን ልጅ ነህና ነው?"

"አቦ" አለች ካልቱን አባቷን ስትጠራ።

ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። አባቷ ሲናገሩ አቋርጣቸው አታውቅም።

"አቦ፣ ማሃሙድ ዱባይን ትቶ ወደ አውሮፓ ሲሄድ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከሊቢያ ሲደውል ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጌሙን ከፈትሽው ወይ አለኝ። አልከፈትኩትም አልኩት። 'እኔ እስክመጣ እንዳትከፍቺው' አለኝ። 'ብቻሽን ትፈሪያለሽ። ባሕሩን ልሻገርና ወረቀቴን ላግኝ፣ መጥቼ አብረን ነው የምንፈራው' አለኝ።" ይህን ስትል ፊቷ ወደ አባቷ አልነበረም፤ ወደ ዋበሪ ነበር። "ላስቲኩን ያልነካሁት ለዋጋው አይደለም።"

ዋበሪ አንገቱን ደፋ። ሰኞ ዕለት የተናገረውን ቃል አስታወሰ።

 ሐጂ ዲሪዬ ሲናገሩ ድምፃቸው የነጋዴ ድምፅ አልነበረም።

"ጀልባው አልደረሰም፣ ካልቱን። አብሮት የነበረው ልጅ ወንድም ነግሮናል፤ አንቺም ሰምተሻል። ያን ዕቃ ባየሁት ቁጥር ግን ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል እላለሁ። ከዚያ አስታውሳለሁ፣ እንደገናም እቀብረዋለሁ። ለባጃጅ መሰለሽ? ባጃጅ አጥቼ አውቃለሁ? ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ነው። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ይቀበራል?"

ሻርማርኬ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ካልቱን ወደ ዋበሪ ተጠጋችና እጇን ዘረጋች። ሣጥኑን ሰጣት። ጥፍሯን ላስቲኩ ላይ ስታሳርፍ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባው። የሰብሳቢ ነፍሱ ሁሉ "ተይ!" ብላ ጮኸች። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ነገር ነው፤ ሁለተኛ አያገኘውም። ካልቱን ቀና ብላ አየችው። እየጠበቀችው ነበር።

"ከታች ከመገጣጠሚያው ጀምሪ" አላት ድምፁ እየተሰበረ። "እንዲያ ከሆነ ሣጥኑ አይጎዳም።"

ቀደደችው።

"አብዳችኋል እንዴ?" ሻርማርኬ ከመቀመጫው ተነሣ።  ትንሽ ቆይቶ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ውስጡ አንድ ግራጫ ካሴትና ቀጭን መመሪያ ብቻ ነበር። የፋብሪካ ሽታ ሸተተ። ካልቱን ካሴቱን በመዳፏ ጨበጠችና "ማሃሙድ" አለች፣ እንደሚጠሩት ሰው። ሁለተኛ ስትለው ድምጿ ለቅሶ ሆነ። ሐጂ ዲሪዬ በትራቸውን ጥለው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ራሷን በደረታቸው ላይ አስደግፈው "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ሰው ሲሞት የምትባለው ይህች ቃል ለማሃሙድ በዚያ ቤት ስትባል የመጀመሪያዋ ነበረች።

ዋበሪ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ ነው ማልቀሱን ያወቀው።

*

ለሐዘን የመጣው ጎረቤት ግቢውን ሲሞላ ዋበሪ ወንበር ሲያመላልስ፣ ውሃ ሲቀዳ ዋለ። ሂድ ያለው የለም፤ ቆይ ያለውም የለም። ፀሐይ ወደ ካራማራ ስታዘቀዝቅ ሐጂ ዲሪዬ ወደ በሩ ጠሩት። ፊታቸው በአንድ ቀን አርጅቷል።

"ሐዘኑ ሲያልፍ ሽማግሌ ላክ" አሉት።

ዋበሪ የሰማውን አላመነም።

"እምቢ እላለሁ" አሉ ሐጂው ቶሎ ብለው። "ለቦቴ ረዳት ልጅ፣ መጫወቻ ለሚለቅም ሰው ልጄን አልሰጥም ብዬ ለዘመድ ሁሉ ተናግሬአለሁ። ቃሌን በአንድ ቀን አልበላም። ዛሬ ያደረግኸውንም ገና አልወደድኩልህም። ግን ላክ።"

ተመልሰው ገቡ። ዋበሪ መሳቅ ይሁን መጮህ ይሁን የሚሻለው ጠፍቶት ቆመ። የሚሰጡም እሳቸው፣ የሚከለክሉም እሳቸው!

ካልቱን ከግድግዳው ጥግ ብቅ አለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

"ሰማሁ" አለችው።

"ካልቱን፣ ሰኞ ያልኩት..."

"አሁንም ተናድጄብሃለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ፎርጅድ ነው በል ብዬህ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ብትል ኖሮ..." ወደ ለቀስተኛው ዞር ብላ አየች። "ብትል ኖሮ እስክሞት እጠብቀው ነበር።"

ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ በመካከላቸው አለፈ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ማን ለአቧራው፣ ማን ለእንባው እንደሆነ አልታወቀም።

"ሽማግሌዎቹ እምቢ ቢባሉስ?" አላት።

"እንደገና ትልካለህ።"

"እንደገናም እምቢ ቢሉ?"

"ኧረ በአላህ፣ ዋበሪ፣ አታናድደኝ!" አለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በለቅሶው መሃል በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየ። ዋበሪም ከዚያች ትከሻ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው።